ስንት ሌፌቭር ነበረ?

ሲያትል፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ መንግሥቴ፣
ድሬዳዋ

ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎና ለዓይንዎ ብርሃን ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ጆሮዎን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ባለፈው እሑድ ስደውልልዎ «ማነህ? ጮክ በል!» ሲሉኝ ቆይተው በመጨረሻ «የውኃውን ከፍለናል» ብለው ዘጉብኝ። በጎረቤት በኩል እንዳላስነግርዎ ደግሞ የዘር ነገር በሰው አፍ አይላክም ብለው ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ወረቀት አነሣሁ። ይህን የሚያደርስልዎ ሙሀሲን እዚህ ኦቴሎ ሰፈር ሱቅ ያለው የድሬ ልጅ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ሸሚዝ ይዞልዎታል።

ጋሼ፣ ኖላዊት ልታገባ ነው። እንዲህ በአንድ መስመር ስጽፈው ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ይህን ቀን ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። ልጁ ዮናታን ይባላል። ሁለቱም ሬድመንድ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠሩት። የተዋወቁት ደግሞ በስማቸው ምክንያት ነው። እዚህ አገር ሰው በመጨረሻው ስሙ ስለሚጠራ፣ እኔ ፓስፖርቴ ላይ ባለው በአያቴ ስም ሚስስ ሌፌቭር ሆኜ ቀረሁ። የኖላዊት አባት እሷ ሳትወለድ ስለሄደ እሷም በእኔ ስም ተመዘገበች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሷ ኢሜይል ለሌላ ሌፌቭር እየሄደ ቢያስቸግራት ሰውዬውን ፍለጋ ወጣች። ፈረንጅ ስትጠብቅ የሐበሻ ልጅ ብድግ ብሎ «አንቺ ነሽ እንዴ?» አላት። ያን ቀን ሥራ አልሠሩም፣ ሲስቁ ነው የዋሉት።

ዮናታን ደግ ልጅ ነው። አባቱ ወልደ ሥላሴ በልጅነቱ ወደዚህ አምጥቶ በራሱ የመጨረሻ ስም ካስመዘገበው በኋላ ሳይጠግበው ሞተበት። እናቱ መሲ አዳማ ናት። እዚህ ዘመድ የሚለው የለውም። ኖርዝጌት፣ ከባቡሩ ጣቢያ አጠገብ፣ የሚኖሩበትን ቤት እንኳ አይተው ጨርሰዋል። ሰርጉን ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ላይ አስበን ነበር።

ሽማግሌ ሲላክ ግን የንስሐ አባታችን አባ ገብረጊዮርጊስ የሁለቱን ስም ሰምተው ዘር መቁጠር ጀመሩ። የዮናታን የአባቱ አባት ኃይለ መስቀል ነው፤ የኃይለ መስቀል አባት ደግሞ አዋሽ የኖረ ሌፌቭር የሚባል የባቡር ሠራተኛ ነበር። አባ «ከአንድ አያት ከሆኑ፣ ሰባት ቤት ሳይሞላ አላጋባም» አሉ። ኖላዊት ተናደደች። «ማም፣ ስሙ ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ጀስት ላይክ ስሚዝ! ፈረንሳይ ውስጥ በየመንደሩ ሌፌቭር አለ፣ ሰርች አድርጊውና እዪ» አለችኝ። እውነትም ብዙ ነው። በተለይ ሰሜኑን አገር ሞልተውታል። አባ ግን «ፈረንሳይን የሞላው ይሙላ። ወደ እኛ አገር የመጣው ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ። ይህን የሚመልስ ኮምፒዩተር የለም።

እርስዎ የአያቴ የእማማ ሄዋን የእህት ልጅ ነዎት፤ ዕድሜዎንም በባቡሩ ቤት ነው የጨረሱት። ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ሰው በሕይወት የለም። አባም «የአጎትሽ ቃል ይበቃኛል» ብለዋል። ስንት ሌፌቭር ነበረ፣ ጋሼ? የልጄ ትዳር በእርስዎ መልስ ላይ ነው ያለው።

አክባሪዎ
ጥሩብርሃን ልዑልቃል


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩዬ፣

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። በዚያ ቢጫ የተማሪ አውቶቡስ የምትጭኛቸውን የሰው ልጆች በደህና አድርሰሽ በደህና ቤትሽ ያግባሽ። ሙሀሲን ደብዳቤሽንም ሸሚዙንም አድርሶልኛል። ሸሚዙ ሁለት መንግሥቴ ያስገባል፤ እጅጌውን አሳጥሬ እለብሰዋለሁ። የአሜሪካ ሰው ሁሉ እንደዚህ ሰፊ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያለቅሁት?

ለጠየቅሽኝ መልሱ አጭር ነው። ሌፌቭር አንድ ነው።

አሁን እንዴት እንደማውቅ ላስረዳሽ። ሙሴ ሌፌቭር፣ ያኔ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው፣ ረጅም፣ ቀይ፣ ጢሙ በሲጋራ ጢስ የገረጣ ሰው ነበር። በባቡሩ ጥገና ክፍል የቦይለር፣ ማለት የእንፋሎት ማፍያው፣ አዋቂ ነው። ቤቱ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ሥር ነበር። የእናቴ ታናሽ እህት ሄዋን ከሱ ጋር ኖራ አባትሽን ልዑልቃልን ወለደች። ሙሴ የአዋሽን ቦይለሮች ለማየት አሥር አሥራ አምስት ቀን እየቆየ ሽቅብ ይሄዳል። ታዲያ በባቡር ወጥተው የሚወርዱት ነጋዴ ሴቶች አንድ ቀን ወሬ ይዘው መጡ፤ «ሙሴ ሌፌቭር አዋሽ ላይ ሚስትና ልጅ አለው» አሉ። አክስቴ ሄዋን እንደዋዛ የምታልፍ ሴት አልነበረችም። ማታ ሲገባ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀችው።

እሱም ማለ። «እኔ አይደለሁም፤ ሌላ ሰው ነው» አላት። «ስሙ ማነው?» ብትለው «ሌፌቭር» አለ። እስቲ አንቺ ፍረጂ! «እኛ አገር በየመንደሩ አንድ ቀጥቃጭ ነበረ። የቀጥቃጩ ልጆች ሌፌቭር ተባሉ። እኔ ከአንዱ መንደር ነኝ፣ እሱ ከሌላው፤ አንተዋወቅም ነበር» አላት። እሷ ደግሞ «በአባት ስም አንድ ሆናችሁ ዘመድ አይደለንም ትለኛለህ? ልጅ መሰልኩህ? በዚህ ላይ የቀጥቃጭ ዘር ኖረሃል!» አለችው። ያኔ ቀጥቃጭ መባል ምን እንደነበር አንቺም ሰምተሻል፤ ሰው ከቀጥቃጭ ቤት እሳት አይጫጫርም ነበር። ልጇን አንጠልጥላ እናቴ ቤት ገባች። እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ስሙን አልጠራችም። በከዚራ በኩል ማለፍ እንኳ ትታ ገበያ ስትሄድ ዙሪያውን ነበር የምትዞረው።

እኔ ይህን የሰማሁት ከእናቴ ነው። በኋላ እኔም በባቡሩ ቤት ስቀጠር ሙሴ ሸምግሎ አገኘሁት። የሄዋን የእህት ልጅ መሆኔን ስለሚያውቅ ዳቦ እየገመሰ «ልጄ ደህና ነው?» ይለኝ ነበር። ለጅቡቲ ሲሳፈርም ሳጥኑን ፉርጎው ላይ የጫንኩለት እኔ ነኝ። የሚሸኘው ሌላ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ይህ ዮናታን የዚያ የአዋሹ ልጅ የልጅ ልጅ ነው። ከሙሴ እስከ ኖላዊት ሦስት ትውልድ ነው፤ በልጁም በኩል እንደዚያው። ሰባት የት፣ ሦስት የት! ኢንተርኔቱ ፈረንሳይን ይቁጠር፤ ድሬን እኔ እቆጥራለሁ። ለአባ ገብረጊዮርጊስ መንግሥቴ እንዲህ አለ በያቸው።

ለልጅቷ አዝኛለሁ። ግን ከጋብቻ በፊት መታወቁ ደግ ነው። ሙሀሲን ሲመለስ የቅርብ ማያ መነጽር ብትልኪልኝ መልካም ነበር፤ ይህንንም በመከራ ነው የጻፍኩት።

አጎትሽ
መንግሥቴ


ሲያትል፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ መንግሥቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ደብዳቤዎን ለሁለቱም ሳሎኔ አስቀምጬ አነበብኩላቸው። ዮናታን «እኔ ራሴን ፈረንጅ ነኝ ስል ማንም አላመነኝም፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ የቀጥቃጭ ልጅ!» ብሎ ሊያስቀን ሞከረ። ኖላዊት አልሳቀችም። «አንድ ሽማግሌ ስላለ ብቻ?» አለችኝ። «ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም፤ ማን ይከለክለናል?» አለችው ለሱ ደግሞ። እሱ ግን «አባቴ ቢኖር ምን ይለኝ እንደነበር አውቃለሁ» አላት።

ኖላዊት ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ሄደች። የሰርጉን አዳራሽ እኔ ነኝ ደውዬ የሰረዝኩት። ሴትዮዋ «ሌላ ቀን ልያዝልሽ?» ስትለኝ «አይ» ከማለት በቀር እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፋብኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ አውቶቡሴን እያቆምኩ አለቅስ ነበር። ከልጆቹ አንዷ የራሷን መሐረብ አውጥታ ሰጠችኝ።

መነጽሩን ሙሀሲን ይዞልዎት ይመጣል።

ጥሩብርሃን


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩዬ፣

አምላክ ልብሽን ያጽናልሽ፤ ያጣሽውን በሌላ ይካስሽ።

ሰላምታሽ አጠረብኝ። መብትሽ ነው። መነጽሩ ደርሶኛል፤ ከዓይኔ ጋር ተስማምቷል። አጥርቼ ማየት ስጀምር ግን ያየሁት የራሴን እጅ ነው። እንዲህ ማርጀቱን አላወቅኩም ነበር።

ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሏል። አንዳንድ ቀን ለገሃር ድረስ ሄጄ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ጥበቃው የድሮ ሰው መሆኔን ስለሚያውቅ አይከለክለኝም። እዚያ ስቀመጥ የሁለቱ ልጆች ነገር ይመጣብኛል። የተናገርኩትን እውነት ነው ብዬ ነው የተናገርኩት፤ እንቅልፌ ግን ቀንሷል።

መነጽርም፣ ሸሚዝም አልፈልግም። የልጁን ፎቶ ላኪልኝ። የማን ልጅ እንደሆነ በዓይኔ ማየት አምሮኛል። ኖላዊትስ እንዴት ናት? ትበላለች?

አጎትሽ
መንግሥቴ


ሲያትል፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ መንግሥቴ፣

እንኳን ከልደቱ ወደ ጥምቀቱ አሸጋገረዎ። መልስ በማዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። ተቀይሜ ነበር። በሩቅ ያለ ሽማግሌን መቀየም ደግሞ ቀላል ነው፤ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ መክተት ብቻ ነው የሚጠይቀው። አሁን ቅያሜው ወጥቶልኛል፤ ያስወጣልኝም ዮናታን ነው።

ኖርዝጌት ያዩትን ያን ቤት ትቶ እዚሁ ኦቴሎ፣ ከእኔ ሁለት መንገድ አልፎ ተከራየ። መጀመሪያ የመጣው መኪናዬ አልነሣ ስትል ነው። «ከዛሬ ጀምሮ መኪናሽን ቼክ የማደርገው እኔ ነኝ፤ አክስቴ አይደለሽ?» አለኝ። አክስቴ ሲል አፉ ላይ እንደ ከረሜላ ያገላብጣታል። በሕይወቱ ማንንም እንዲህ ብሎ ጠርቶ አያውቅምና። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሄዳለን። ስንመለስ ሽንኩርት እየከተፈልኝ የአባቱን ነገር ያጫውተኛል። የቤቴን ቁልፍ ሰጥቼዋለሁ። ወንድ ልጅ አልወለድኩም ነበር፣ ጋሼ፤ ለካ ይሄን ይመስላል አልኩ።

ኖላዊት ግን እሱ ባለበት ቀን አትመጣም ነበር። አልፈርድባትም። እንደዚያ የወደዱትን ሰው ዘመድ ነው ብሎ ጎኑ መቀመጥ ምን እንደሆነ እኔ አላውቀውም። ለገና ግን መጣች። አንድ ላይ በላን። መጀመሪያ ስትመጣ እጇን ነበር የዘረጋችለት፤ ስትወጣ ጉንጩን ሳመችው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ጓደኛዋ «ይሄ ማነው?» ብትላት «ማይ ከዝን» አለች፣ ድምጿ ሳይሰበር። ወዲያው መኪናዋ ውስጥ ገብታ ትንሽ ቆየች። ግን አለችው። አባ ገብረጊዮርጊስም «ጸሎት ሰሚ ነው» አሉኝ።

የጠየቁኝን ፎቶ ልኬያለሁ፤ መሐል ያለው እሱ ነው። ቀይ አይደል? አሁን ደግሞ አንድ ሐሳብ መጥቶለታል። እናቱ መሲ ከአዳማ አዋሽ ድረስ ሄዳ የሙሴን መቃብር ፎቶ አንሥታ ልካለታለች፤ ለካ ከጅቡቲ ተመልሶ ኖሯል። ከጣቢያው በስተጀርባ፣ ከሌሎች ጥቂት የፈረንጅ መቃብሮች ጋር ነው። ድንጋዩ ተጎድቷል፤ ሌፌቭር የሚለውና የሞተበት ዘመን፣ በፈረንጅ 1954፣ ይነበባል። በእኛ 1946 መሆኑን ኖላዊት ቆጥራ ነገረችን። ዮናታን «ሁላችንም አንድ ላይ ሄደን እናሳድሰው፣ ጋሼ መንግሥቴም ይምጡ፤ የሁላችን አያት አይደል?» ይላል። በሚቀጥለው ዓመት ለመስቀል አስበናል። እርስዎ ምን ይላሉ? ቢባርኩት ደስ ይለዋል።

ልጅዎ
ጥሩብርሃን


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩብርሃን፣

ከትንሣኤው በረከት ያካፍልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የካቲት ላይ ነው። የቆየሁት ስላልፈለግኩ አይደለም። «1946» ያልሽውን አንብቤ ወረቀቱን አስቀመጥኩ። እንደገና አነሣሁት። እኔ በባቡሩ ቤት የተቀጠርኩት በ1949 ዓ.ም. ነው። የሙሴን ሳጥን ፉርጎ ላይ የጫንኩት ደግሞ በ1951 ዓ.ም.፣ ከመስቀል በኋላ ነው። ባቡሩ ሲነሣ በመስኮት ብቅ ብሎ ባርኔጣውን አውልቆልኛል። አዋሽ የተቀበረው ሰው ግን ሙሴ ከመሄዱ አምስት ዓመት በፊት ሞቷል።

ኖላዊት አሳስታ ቆጥራ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አላስቻለኝም። መጋቢት ላይ በአውቶቡስ አዋሽ ሄድኩ። ጎረቤቶቼ አበደ ብለዋል። መቃብሩን አገኘሁት። የፈረንጁን ፊደል በባቡሩ ቤት ስለተማርኩ ድንጋዩን በውኃ አጥቤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ኤሚል ሌፌቭር ይላል። የኛው ሙሴ ኦጉስት ነው። ኦጉስት እያለ ሲፈርም አይቼዋለሁ።

እዚያው ጣቢያው አጠገብ ሰሃርላ የሚባሉ አሮጊት አሉ። አባታቸው የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ነገሩን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ሁለቱንም ሙሴዎች ማን የማያውቅ አለ? የኛው አጭር ነበር፣ የመስመር ጥገና፤ ኃይለ መስቀል የሱ ልጅ ነው። የናንተው ረጅሙ ቦይለር ሊሠራ ሲመጣ እሱ ዘንድ ያርፋል። ሲገናኙ ‹ሰላም የቀጥቃጭ ልጅ› እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። ዘመድ አይደሉም፤ ሞክሼ መሆናቸውን እዚህ ሲገናኙ ነው ያወቁት» አሉኝ። አዋሽ ያለ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቅ ኖሯል። ከድሬ ሄዶ የጠየቀ አንድ ሰው የለም፤ ሰባ ዓመት ሙሉ!

እንዴት እንጠይቅ? እኛ የምናውቀው ሁለተኛው ስም አባት ነው። ሁለት ሰው በአባት አንድ ከሆነ ወንድማማች ነው፤ በአያት አንድ ከሆነ የአጎት ልጅ ነው። አንድ አገር ሙሉ ሰው በአንድ ስም እየተጠራ ዘመድ አይሆንም ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት አልተሰጠንም። ሙሴ እውነቱን ነበር። አክስቴ ሄዋን እውነቱን ሰምታ ውሸት ነው ብላ፣ ቤቷን ጥላ፣ መንገድ እየዞረች ኖራ ሞተች። እሱም «ልጄ ደህና ነው?» እያለ ሄደ። ከአዋሽ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያለቀስኩት ለሷ ነው። ደርሼም ታምሜ እስከ ፋሲካ ተኛሁ፤ የዘገየሁት ለዚህ ነው።

አሁን ግን የሞቱትን እንተው። ልጆቹ ዘመድ አይደሉም! ጥሩዬ፣ አንድ ጠብታ ደም አያገናኛቸውም። ሌፌቭር ሁለት ነበረ። ለአባ ገብረጊዮርጊስ መንግሥቴ ሄዶ ድንጋዩን አጥቦ አየ በያቸው። ንገሪያቸው፤ ይህን ወረቀት እንዳነበብሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ሰርጉን ደግሱ። ምንም አትላኪልኝ፤ የቀኑን ወሬ ብቻ ላኪልኝ።

አጎትሽ
መንግሥቴ


ሲያትል፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ መንግሥቴ፣

በዚያ ዕድሜዎ፣ በዚያ ሙቀት፣ አዋሽ ድረስ የሄዱባቸው እግሮች ይባረኩ። ደብዳቤዎን ሙሀሲን ሱቁ ውስጥ ነው የሰጠኝ። እዚያው ቆሜ አንብቤ «እልል!» አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሙሀሲን ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ሁለቱንም ጠራኋቸው። ኖላዊት ብቻዋን ከምትኖርበት ከኖርዝጌት መጣች። ዮናታን ቀድሟት ደርሶ የመኪናዬን ዘይት እየቀየረልኝ ነበር፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። እርስዎ እንዳዘዙኝ፣ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አነበብኩላቸው። እማማ ሄዋን ዘንድ ስደርስ አለቀስኩ፤ ዮናታን ውኃ አመጣልኝ። ጨረስኩ። ዘልለው ይተቃቀፋሉ ብዬ እጠብቅ ነበር። አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

ኖላዊት መሬት መሬት እያየች «ሶ... አምና ግንቦት ላይ...» ብላ ጀምራ ተወችው።

ዮናታን ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። «ዌይት። ሶ አንቺ አክስቴ አይደለሽም ማለት ነው?» አለኝ።

ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም ነበር። ሰርግ፣ አዳራሽ፣ ቀን፣ ይህን ሁሉ ሳስብ ነው ያደርኩት። ፊቱን ሳይ ምን መስማት እንደፈለገ ገባኝ። «ነኝ እንጂ፣ ምን ለውጦኝ!» ብዬው ቢሆን እዚያው ያቅፈኝ ነበር። ግን ጎኑ ልጄ ተቀምጣለች። አክስቱ ከሆንኩ እሷ እህቱ ሆና ልትቀር ነው። ለልጄ በሩን ልክፈትላት ብዬ «አይደለሁም፣ የኔ ልጅ። እንኳንም አልሆንኩ» አልኩት። በፈገግታ ነበር ያልኩት። ደስ የሚል ነገር የነገርኩት መስሎኝ ነበር።

«ኦኬ» አለ። እንደገናም «ኦኬ» አለ። ወጥቶ ዘይቱን ሞልቶ፣ ኮፈኑን ዘግቶ፣ እጁን ታጥቦ ተመለሰ። ቁልፌን ከሱ ቁልፎች ውስጥ ነጥሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እኔን እንደ እንግዳ ሦስቴ ሳመኝና «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን» አለኝ። ወይዘሮ! ለኖላዊት ራሱን ብቻ ነቀነቀላት። ተከትላው በሩ ድረስ ሄደች፣ አልጠራችውም።

መኪናው ከሄደ በኋላ ዞራ «ዋይ፣ ማም? እንደዚያ ለምን አልሽው?» አለችኝ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አልኳት። «ነጻ ናችሁ እኮ። ማንም አይከለክላችሁም።»

«ወንድሜ ነው ለማለት ዓመት ነው የፈጀብኝ» አለች። እያለቀሰች ነበር፤ አምና እንኳ ፊቴ እንደዚያ አላለቀሰችም። «በየቀኑ ነው ራሴን ያስተማርኩት። ሲስመኝ ምንም እንዳይሰማኝ፣ ስሙን ሲጠሩት ልቤ እንዳይዘል። አይ ዲድ ኢት። ተሳካልኝ፣ ማም። አሁን ሳየው ወንድሜን ነው የማየው። ሌላውን ገድዬዋለሁ፤ ከየት ላምጣው? እሱም ከእኔ ይልቅ አንቺን ነው የሚፈልገው። እኛን ብቻ ነበር ያገኘው።»

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ። እየደወልኩ ነው። ያነሣል፤ ትሑት ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?» ይለኛል። አክስቴ ሆኜ አንቺ ይለኝ ነበር፤ አሁን አንቱ ብሎኛል። እሑድ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያስቀድሰው መሰለኝ። «ና፣ ልጄ፣ ያልኩትን እርሳው፣ አክስትህ ነኝ» ብዬ የድምፅ መልእክት ተውኩለት። ምናልባት ይሰማው ይሆናል። ያዘንኩለት ይመስለዋል እንጂ የሚያምነኝ አይመስለኝም። ኖላዊት ሥራዋን ትሠራለች፣ ትበላለች። አምና «ትበላለች?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር።

እርስዎን አልወቅስም። የመጀመሪያውንም ቢሆን እውነት ብለው ነው የጻፉልኝ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ድንጋይ አጥበው። እማማ ሄዋን ይህን ሳትሰማ መሞቷን ሳስብ አንዳንዴ አዝንላታለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ለሷ ቀላል ሆኖላታል እላለሁ። እኛ ሰምተን ምን አተረፍን?

ለአባ ገብረጊዮርጊስ ቃልዎን አድርሻለሁ። በጣም ነው የተደሰቱት። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ፊት እጄን ይዘው «ልጆቹ ነጻ ናቸው! በሉ አሁን ቀን ቁረጡ» አሉኝ። ዙሪያዬን የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። እኔም አብሬያቸው እልል ብዬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ።

ልጅዎ
ጥሩብርሃን